በዝናብ የሚሰናከል ሞገድ

ዝናብ በድባጤ የወሬ ማሟሻ አይደለም፤ ዓመቱ ራሱ ነው። ዳጉሳውና ማሽላው፣ በቆሎውና ኑጉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእርሱ ነው። ከጎጃም ደጋ የተነሣው የክረምት ደመና ከቀትር በኋላ እየተንከባለለ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ደጋውን ቀን አርሶ ቆላውን ማታ ያጠጣል። ጉሙዙም ሺናሻውም፣ አገውም አማራውም ኦሮሞውም የሚያርሰው በዚሁ ደመና ሥር ነው። ታዲያ ይህን ዝናብ የሚቆጥረው ማን ነው?

ጥያቄው በውስጤ ሲመላለስ የኖረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የመተከል ሰው መሆኔ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዐባይ ውሃ የመንግሥታት ሙግት ከሆነ ወዲህ፣ በእኛ ማሳ ላይ የሚወርደው ጠብታ እኛ ብቻ የምናውቀው ነገር መሆኑ መቅረቱ ነው። ዛሬ ዝናባችን በሰማይ በሚዞሩ መሣሪያዎች ይለካል፤ ቁጥሩም እኛ ሳንሰማው በሩቅ አገር ጠረጴዛ ላይ ይነበባል። መለኪያው ደግሞ ገመድም ባልዲም አይደለም፤ ርዝመቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዛሬ ለአንባቢያን ላወጋ ያሰብኩት የዚህን ሞገድ ታሪክና ታሪኩ ከእኛ ጋር የተገናኘበትን መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካላመለከትኩ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ስለ ሞገዱ ጥቂት ልበል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከ30 እስከ 300 ጊጋኸርትዝ ያለውን የሬዲዮ ክልል «እጅግ ከፍተኛ ድግግሞሽ» ብሎ ሰይሞታል። አንድ ጊጋኸርትዝ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ መወዛወዝ ነው። ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ርዝመት ያጥራል፤ በ30 ጊጋኸርትዝ 10 ሚሊ ሜትር፣ በ300 ጊጋኸርትዝ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በእኛ አገር መስፈሪያ ከባቄላ ፍሬ እስከ ጤፍ ቅንጣት ማለት ነው። በኤፍ ኤም ሬዲዮ የምንሰማው ሞገድ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የዝናብ ጠብታ ለእርሱ ከቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም፤ ዝሆን ጠጠርን እንደሚያልፍ ያልፈዋል። የሚሊ ሜትር ሞገድ ግን ከጠብታው ጋር ቁመቱ ይቀራረባል። ስለዚህ ይጋጫል፣ ይበተናል፣ ይደክማል። ዝናብ ሲወርድ መንገዱን ይስታል።

ይህ ለመገናኛ መሐንዲስ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ኢትዮጵያዊው ፈይሳ ደቦ ዲባና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ምድር ከማማ ወደ ማማ የሚላክ የማይክሮዌቭና የሚሊ ሜትር ሞገድ በዝናብ ምክንያት ምን ያህል እንደሚዳከም አስልተዋል። እንዲህ ያለ ስሌት ማማዎች ምን ያህል ተራርቀው መቆም እንዳለባቸው ይወስናል፤ ክረምቱ እንደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በከበደበት አገር ደግሞ ዋጋው የበለጠ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ደካማ ጎን አንድ ጥበብ ተወለደ። ሞገዱ በዝናብ የሚሰናከል ከሆነ፣ መሰናከሉን የሚመዝን ሰው ዝናቡን መዘነ ማለት ነው። ለአንዱ እንቅፋት የሆነው ለሌላው ሚዛን ሆነ።

የሚሊ ሜትር ሞገድ ታሪክ የሚጀምረው በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ብቻ እንዳይመስለን። ከመጀመሪያዎቹ አንዱና ዋናው ሰው በካልካታ የፕሬዚደንሲ ኮሌጅ መምህር የነበረው ሕንዳዊው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ነው። በ1895 በዚያች ከተማ በሕዝብ ፊት ባደረገው ትርኢት፣ ሞገዱ ግድግዳ አልፎ ደወል ደወለ፤ ባሩድም አቀጣጠለ። ቦስ የሠራበት ሞገድ ርዝመቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ይደርስ ነበር፤ አጭሩ በዛሬ አነጋገር 60 ጊጋኸርትዝ ማለት ነው። የቀንድ ቅርጽ ያለውን አንቴና የተጠቀመ፣ የተገመደ የጁት ቃጫን የሞገዱን አቅጣጫ ለመጠምዘዝ የሞከረ፣ ተራ የባቡር ጊዜ ሰሌዳ መጽሐፍ በገጾቹ መካከል ቆርቆሮ ወረቀት አስገብቶ ለምርምር መሣሪያነት ያዋለ ሰው ነው። በጥር 1897 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ቀርቦ ሥራውን አሳየ። ቅኝ በተያዘች አገር፣ በጠባብ ክፍል፣ በራሱ ብልሃት ነበር የሚሠራው።

ዘመኑን ከእኛ ጋር እናስተያየው። ቦስ ደወሉን በሞገድ ሲደውል፣ በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ የማዘርጋቱን ሥራ ጀምረው ነበር። ለለንደኑ ንግግር ዓመት ሲቀረው ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። አንዱ ሕዝብ ነጻነቱን በጦር ሜዳ፣ ሌላው ችሎታውን በቤተ ሙከራ ያስመሰከረበት ዘመን ነበር። ሽቦው ግን ከእኛ ጋር ቆየ፤ ገመድ አልባው ወደ እኛ ለመምጣት ብዙ ዓመታት ፈጀ። ወደ መተከል ደግሞ ከዚያም በላይ ዘገየ።

ከቦስ በኋላ ሚሊ ሜትሩ ሞገድ ተረሳ። ማርኮኒና ተከታዮቹ ውቅያኖስ የሚያሻግር ረጅም ሞገድ ይሹ ስለነበር፣ በአጭሩ ሞገድ ላይ የሚደክም ሰው አልተገኘም። ወደ መድረኩ የመለሰው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ነው። የራዳር ሠሪዎች ጥራት ያለው ምስል ፍለጋ ሞገዳቸውን እያሳጠሩ ሄደው 1.25 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርሱ፣ አንድ ያልጠበቁት ጠላት ገጠማቸው፤ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ሞገዱን ይውጠዋል። በእርጥብ አየር ራዳሩ ዐይኑ ይፈዝዛል። ለወታደሩ ይህ ውድቀት ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ዲኪ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ ከሰማይ የሚመጣውን እጅግ ደካማ የሞገድ ጨረር የሚለካ ሬዲዮሜትር የተባለ መሣሪያ ሠርቶ፣ እንፋሎቱ የሚውጠውን መጠን ለካበት። ሰማዩ ራሱ እንደሚናገርና ንግግሩም እንደሚደመጥ ያን ጊዜ ታወቀ።

ይህ ማዳመጫ ወደ ሕዋ የወጣው በታኅሣሥ 1972 ነው። ኒምበስ 5 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት፣ እስከ 58.8 ጊጋኸርትዝ የሚደርሱ አምስት ጆሮዎች ያሉትን መሣሪያ ይዞ ወጣ። የኦክስጅን ሞለኪውሎች በ60 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሚያወጡትን ጨረር እያዳመጠ፣ የከባቢ አየርን ሙቀት ደመና ሳያግደው ለካ። ይህ ወር ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። በዚያው ጊዜ በወሎ ዝናብ ቀርቶ ሕዝብ በየመንገዱ መውደቅ ጀምሮ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ነገሩ እንዳይሰማ ሸፍኖት ነበር። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1973 ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ካሳየ በኋላ ነው። ደመናን አልፎ የሚያይ መሣሪያ በሰማይ እየዞረ፣ በምድር ደመና የሌለባት አገር ታልቅ ነበር። ያ ሳተላይት የወሎን ዝናብ ለመቁጠር የተላከ አልነበረም፤ ቢሆንስ ማን ያነብለት ነበር?

ሁለተኛው መከራ በ1977 ዓ.ም. መጣ። ከዚያ ረሀብ ሁለት ነገሮች ተወለዱ፤ አንዱ በሩቅ፣ ሌላው በደጃችን። በሩቅ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1985 የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ፤ የአፍሪካን ዝናብና ልምላሜ በሳተላይት መከታተል ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። በደጃችን ደግሞ፣ የደርግ መንግሥት በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን አንሥቶ በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ ዛሬ ፓዌ በምንለው ምድር አሰፈረ። በጣሊያን መንግሥት እርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከተለ። ለሰፋሪው ወባና ባዕድነት፣ ለጉሙዙ የአደን፣ የማርና የእርሻ መሬቱን ማጣት ሆነበት። በወሎ ሰማይ ላይ የታጣ ዝናብ በመተከል ምድር ላይ የሁለት ሕዝብ ዕጣ ለወጠ። የዝናብ መዝገብ ደረቅ የቁጥር ዝርዝር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ይህን ያስብ።

የዝናብ ቈጣሪ ሞገድ ሙሉ ዕድሜው ላይ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ1987 የወጣ የአሜሪካ ወታደራዊ ሳተላይት 85.5 ጊጋኸርትዝ የሚያዳምጥ መሣሪያ ያዘ። በኅዳር 1997 አሜሪካና ጃፓን በጋራ የሐሩር አካባቢን ዝናብ ብቻ የሚለካ ትሪም የተባለ ሳተላይት አመጠቁ፤ እስከ 2015 አገለገለ። ተተኪው ጂፒኤም በየካቲት 2014 ወጣ። ይህኛው ሁለት ዓይነት ዐይን አለው። አንደኛው ራሱ ሞገድ የሚልክ ራዳር ነው፤ ከሁለቱ ድግግሞሾቹ አንዱ 35.5 ጊጋኸርትዝ ነው። ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሲሆን፣ እስከ 183 ጊጋኸርትዝ ይሰማል። የእርሱንና የሌሎች ሳተላይቶችን ውጤት አዳምረው የሚያሰሉ ሰዎች፣ ለምድር ገጽ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ወደ አሥር ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ከፋፍለው የዝናብ ቁጥር ያወጣሉ። ድባጤም በዚያ መረብ ውስጥ ጥቂት ዐይኖች አሏት።

ለመሆኑ ሞገዱ ዝናብን እንዴት ያያል? ምድር ሁልጊዜ ደካማ የሚሊ ሜትር ሞገድ ወደ ሰማይ ትልካለች። ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና ከላዩ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያዝላል። ከምድር የሚወጣው ሞገድ እነዚያን ቅንጣቶች ሲያገኝ ይበተናል፤ ወደ ሳተላይቱም የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ ሳተላይቱ ቀዝቃዛ መስሎ የሚታየውን ቦታ ሲያገኝ «እዚህ ከባድ ዝናብ አለ» ይላል። በባሕር ላይ ጠብታዎቹን በቀጥታ ማየት ይችላል፤ በየብስ ላይ ግን አፈሩ ራሱ ብዙ ጨረር ስለሚያወጣ ጠብታው ከመሬቱ አይለይም። ስለዚህ በየብስ ላይ የሚመዘነው በአብዛኛው በረዶው ነው እንጂ ውሃው አይደለም። አዳማጩ ዝናቡን የሚያውቀው በጥላው ነው።

የኢትዮጵያ ተራራ ይህን ብልሃት የሚፈትን ምድር ሆኖ ተገኘ። እርጥብ ነፋስ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ደመናው ገና ሳይረዝምና በረዶ ሳያበጅ ዝናቡን ሊያወርድ ይችላል። በረዶ የሌለበት ዝናብ ደግሞ ለሞገዱ ስውር ነው። በቆላው የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ደመናው በረዶ ያዝላል፣ ጠብታውም ይወርዳል፣ ነገር ግን በሞቃቱ አየር ውስጥ እየተነነ ከመሬት ሳይደርስ ይቀራል። ሳተላይቱ «ዘነበ» ይላል፤ ገበሬው አቧራውን ይረግጣል።

ይህን ፈትሸው ከጻፉት መካከል ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት በፊተኛው ረድፍ ናቸው። ቀድሞ በብሔራዊ ሜትሮሎጂ የሠሩት፣ ኋላም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተቋም የቀጠሉት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ፣ ከ2007 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች የሳተላይት ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ተራራማ ምድር ላይ የት እንደሚታመንና የት እንደሚስት አሳይተዋል። መኰንን ገብረሚካኤልና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በዐባይ ተፋሰስ ውስጥ በደጋና በቆላ የዝናብ መለኪያዎችን አስቀምጠው፣ በ2014 ውጤቱን አወጡ፤ ሳተላይቶቹ በቆላው ሜዳ ከእውነተኛው በላይ፣ በደጋው ተራራ ደግሞ ከእውነተኛው በታች ይገምቱ ነበር። ድባጤ የምትገኘው በእነዚህ በሁለቱ ዓለማት መካከል፣ የጎጃም ደጋ ወደ ዐባይ በረሃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ነው። የሳተላይቱ ስሕተት ከመደመር ወደ መቀነስ የሚሻገርበት አገር ነው ማለት ይቻላል።

«ስሕተቱ ምን ያመጣል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሓ በምትባል ቀበሌ፣ 200 ገበሬዎች ገደማ አዲስ ዓይነት የሰብል ዋስትና ገቡ። ማሳውን ሄዶ የሚያይ ገምጋሚ የለም፤ ካሳ የሚከፈለው የዝናቡ ቁጥር ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። ቁጥሩ ደግሞ ከሰማይ ይመጣል። ሥራው ኋላ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። አሳቡ መልካም ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን በሰማይ ዘንቦ በምድር ያልዘነበ ዕለት፣ የገበሬው ማሳ ደርቆ መዝገቡ «ረጥቧል» ይላል። እዚያ ላይ የፊዚክስ ስሕተት የጎተራ ባዶነት ይሆናል።

ስለዚህ ሞገዱ በምድር ላይ ምስክር ይፈልጋል። ያ ምስክር የዝናብ መለኪያው ነው፤ አፉ ወደ ሰማይ የተከፈተ ተራ ጣሳ። በየማለዳው፣ ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰው ሄዶ ያጠራቀመውን ውሃ ለክቶ ይጽፋል። በዐባይ ተፋሰስ ይህ ሥራ የራሱ ታሪክ አለው። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በበቅሎና በእግር የዐባይን ሸለቆ ዞሮ ካርታውን አነሣ። በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ሥር አንድ ትንሽ የሜትሮሎጂ ክፍል ተቋቋመ፤ በታኅሣሥ 1980 ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የተፋሰሱን ውሃና አፈር አጠና፤ በሱዳን ድንበር አጠገብ ግድብ ሊሠራበት የሚችለውን ሥፍራ የለየው ይህ ጥናት ነው።

ጣሳው ግን ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሰላም ይፈልጋል። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. አካባቢ የአገሪቱ የዝናብ መዝገብ በብዙ ቦታ ሳሳ። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ምን እንደደረሰ እናውቃለን። በቡለን ወረዳ በኩጂ በአንዲት ሌሊት ያለቁትን፣ ከድባጤና ከአጎራባች ወረዳዎች ነፍሳቸውን ይዘው ወደ ቻግኒ የሸሹትን፣ በራንች መጠለያ ድንኳን ሥር የከረሙትን እናስታውሳለን። በዚያ ክረምትና በጋ ሳተላይቱ በላያችን በየቀኑ አልፏል። ደመናውን ቈጠረ፤ በደመናው ሥር የነበረውን ልቅሶ አልቈጠረም። ይህን የምለው መሣሪያውን ለመውቀስ አይደለም። ባዶ ቀበሌ ላይም ዝናብ እንደሚጥል፣ ቁጥሩም ሙሉ ሆኖ እንደሚመዘገብ፣ የሚያርሰው ግን እንደሌለ ለማሳሰብ ነው። የዝናብ መዝገብ ሙሉ የሚሆነው ሞገዱ ሲያልፍና ሰውም በቀየው ሲገኝ ብቻ ነው።

አሁን ከዝናቡ ወደ ውሃው እንውረድ። በየካቲት 2013 ሕንድ ከፈረንሳይ ጋር ሳራል የተባለ ሳተላይት አመጠቀች። በውስጡ የነበረው አልቲካ የተባለ መሣሪያ በ35.75 ጊጋኸርትዝ የውሃን ወለል ከፍታ የሚለካ የመጀመሪያው የሕዋ ራዳር ነበር። የቦስ አገር ከ118 ዓመት በኋላ የቦስን ሞገድ ወደ ሰማይ ላከች ማለት ነው። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ የአሜሪካና የፈረንሳይ ስዎት ተከተለ። ይህ ሳተላይት አሥር ሜትር በተራራቁ ሁለት አንቴናዎች፣ በዚያው በ35.75 ጊጋኸርትዝ፣ ሰው በሁለት ዐይኑ ርቀትን እንደሚገምት ሁሉ የውሃን ከፍታ ይገምታል። በየ21 ቀኑ ዙሩን ይጨርሳል፤ ጎንና ጎኑ 250 ሜትር የሆነ ሐይቅ እንኳ እንዲታየው ሆኖ ተሠርቷል። ጣናም ሆነ የሕዳሴው ሐይቅ ከዚያ መጠን እጅግ ይበልጣሉ፤ ከዐይኑ አያመልጡም።

የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚሁ በመተከል ዞን በጉባ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 145 ሜትር ከፍታ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ያለው ነው። ውሃ መያዝ የጀመረው በሐምሌ 2020 ነበር። ያን ጊዜ የሆነውን ልብ እንበል። ክረምት ነው፤ ሰማዩ ዳምኗል። ሆኖም በራዳር የተነሡ የሳተላይት ምስሎች ሐይቁ እየሰፋ መሆኑን ለዓለም አሳዩ፤ የካይሮም የካርቱምም የአዲስ አበባም ሰው በአንድ ቀን ያንኑ ምስል አየ። ያ ራዳር የሚጠቀመው ከሚሊ ሜትሩ የሚረዝም፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሞገድ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። በወሎ ጊዜ እንደሆነው ድርቅን መደበቅ፣ ወይም ጎርፍንና ሐይቅን መደበቅ፣ ከእንግዲህ በማንም መንግሥት እጅ አይደለም። ለዐባይ ሙግት ይህ በጎ ይመስለኛል። ሁሉም የሚያየው ውሃ ላይ መዋሸት ይከብዳል።

ነገር ግን ማየትና የዐይን ባለቤት መሆን ይለያያሉ። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና አመጠቀች፤ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን ነበረች። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ይገባናልም። ዐይኗ ግን የብርሃን ካሜራ ነበር። የብርሃን ካሜራ ደመናን አያልፍም፤ የዐባይ ተፋሰስ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ውሃው ሁሉ በሚመጣበት ወራት፣ በደመና ይሸፈናል። በጣም ልናየው በምንፈልግበት ጊዜ የምናየው ነጭ ደመና ነው። በዚያ ወራት ደመናን አልፈው የሚያዩ ሞገዶች ያላቸው ሌሎች ናቸው። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ብሂል ለመረጃም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ተስፋ የሚያስቈርጥ ነገር አላየሁበትም። አብዛኛው የእነዚህ ሳተላይቶች መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ የጎደለው አንባቢና ምስክር ነው። ዶክተር ቱፋ ዲንቁና የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ከ1983 ወዲህ ያለውን የሳተላይት መዝገብ ከአገር ውስጥ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር በየአሥር ቀኑ እያዋሐዱ፣ የተቈራረጠውን የዝናብ ታሪካችንን እንደገና አቃንተዋል። በዚያ ሥራ የሳተላይቱ ድርሻ በአብዛኛው የደመናን ሙቀት ከሚያይ ካሜራ የመጣ ነው፤ መንገዱ ግን ለሚሊ ሜትሩ ሞገድም ያው ነው። ኢትዮጵያ የጀመረችው ይህ አሠራር ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተሻግሯል። ጣሳው ለሳተላይቱ እውነትን፣ ሳተላይቱ ለጣሳው ስፋትን ሰጠው።

ሌላም መንገድ አለ። በ2012 በቡርኪና ፋሶ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ። በሁለት የሞባይል ማማዎች መካከል የሚላከው ሞገድ ዝናብ ሲዘንብ ምን ያህል እንደሚደክም ከስልክ ኩባንያው መዝገብ እያነበቡ፣ ዝናቡን አሰሉ። አዲስ መሣሪያ አልተከሉም፤ ያለውን ማማ አነበቡ እንጂ። በእኛም አገር ማማ ያልደረሰበት ወረዳ እየጠፋ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ስልክ ተቈረጠ ብለን የምናማርርበት ያ መሰናከል ራሱ ተመዝግቦ ቢነበብ፣ የወረዳው ዝናብ መዝገብ ይሆናል። መሐንዲሱ የሚጥለውን ቁጥር ሜትሮሎጂው ያነሣዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ቦስ በችግር ውስጥ የሠራበት ሞገድ ለብዙ ዓመታት «የማይረባ» ተብሎ ቆየ፤ የማይረባ ያሰኘውም ሩቅ አለመሄዱና በእንፋሎት መዋጡ ነበር። ዲኪ ያንን መዋጥ መለኪያ አደረገው። የትሪምና የጂፒኤም ሠሪዎች መበተኑን ዝናብ ማያ አደረጉት። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ የሞገዱን ስሕተት የተራራችንን ጠባይ ማንበቢያ አደረጉት። እያንዳንዱ ትውልድ ያለፈው የጣለውን ጉድለት አንሥቶ መረመረ።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። የድባጤ ተማሪ ስለ ዝናቡ የተጻፈውን ቁጥር አውርዶ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጣሳ ጋር ቢያስተያይ፣ በ407 ኪሎ ሜትር ከፍታ ለመዞር የወጣውን መሣሪያ የሚያርም ሰው ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ፣ አንድ ደብተርና ከቀየው የማይነቀል ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በጥቂት ብር መግዛት ይቻላል። ሦስተኛውን የምንሰጠው እኛው ለእኛው ነን፤ ጉሙዙ ለሺናሻው፣ አማራው ለኦሮሞው፣ አገው ለሁሉም። ያ ከሆነ፣ በላያችን የሚያልፈው ሞገድ ከደመናው በታች መልስ የሚሰጠው ሰው ያገኛል።

ቸር ክረምት ያድርግልን።